ሁለተኛው ማኅተም

ተቀምጬ መሥራት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ የደረሰኝ ሥራ ግን ተቀምጦ የሚሠራ ሆነ። በሰባዎቹ ዓመታት ጂንካ ፍርድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ታይፕ እመታለሁ፣ መዝገብ እከፍታለሁ፣ አማርኛ ለማይሰማ ባለጉዳይ ደግሞ በእናቴ ቋንቋ በአሪኛ አስተረጉማለሁ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ባለሱቅ ነበር፤ እናቴ የአሪ ገበሬ ልጅ። ከሁለቱም እርጋታ የሚባል ነገር አልወረስኩም። ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት እንኳ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ዳኛው በመስኮት ያዩኝና «እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው የእኔ ተቃራኒ ነበሩ። ከሩቅ ተመድበው የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስጻፍ ሦስት ጊዜ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ይጠርጋሉ፤ መልሰው ያደርጋሉ። እኔ ጣቶቼን ታይፑ ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ጣቶቼ ግን መጠበቅ አያውቁም፤ ሳላዛቸው ይመታሉ። በስንት ውሳኔ መሀል ቦታው ያልሆነ አራት ነጥብ እንዳለ እኔና መዝገብ ቤቱ ብቻ እናውቃለን።

ፍርድ ቤቱ ጣሪያው የሚያፈስ የጭቃ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የምናድነው መዝገቡን ነው፤ ከዚያ ወንበሩን፤ ከዚያ ራሳችንን። ከፊት ለፊታችን የአውሮፕላን ማረፊያው የሣር ሜዳ ተዘርግቷል። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፤ ሊያርፍ ሲል ሳይረን ይጮህና ከብቱም ሰዉም ሜዳውን ይለቃል። ከሜዳው ማዶ የአስተዳደሩ ግቢ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል የነበረው ነገር ያ ሜዳ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ አስተዳዳሪው ስጽፍ አንቱ አልልም። በዚያ ወንበር ላይ ብዙ ሰው ተቀያይሯል፤ የትኛውን እንደምል ለራሴ አስቀራለሁ። ያኔ ስሙን ስሰማ ከወንበሬ የምነሳው ሴት አሁን አርጅቼ አንተ ብለው ማን ይከለክለኛል?

ሁልጊዜ ሰኞ የውይይት ክበብ ነበረን። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ አንድ አዳራሽ ይሰበሰብና ሥልጣን የሠርቶ አደሩ መሆኑን፣ የማይከፋፈል መሆኑን፣ ፍርድ ቤትም እንደ ማንኛውም ክፍል የአብዮቱ መሣሪያ መሆኑን እንማራለን። እኔ እግሬን እያወዛወዝኩ ሰዓቱን እቆጥራለሁ። አንድ ሰኞ አስተዳዳሪው በሰው ሁሉ ፊት ወደ ዳኛው ዞሮ፣ «ጓድ ዳኛ፣ አንዳንዴ ስንሰማ ፍርድ ቤቱ ከእኛ የተለየ አቋም አለው ይባላል። መንግሥት ሁለት ራስ አለው እንዴ?» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ራሱስ አንድ ይሁን» አሉ መልሰው እያደረጉ። «ግን የሚያስረውና የሚፈርደው አንድ ሰው ከሆነ ቀጠሮ እየሰጠን ገበሬውን ለምን እናመላልሰዋለን? እዚያው በታሰረበት ቢነገረው አይቀልም?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ቀየረው። አስተዳዳሪውም ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ዛሬም አልወደውም።

አንባቢዬ አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ አለዚያ የሠራሁት ጥፋት አይገባውም። በዚያ ዘመን ወረቀት በአንድ ማኅተም አይሄድም ነበር። ከገበሬ ማኅበር ተጽፎ የአስተዳደሩ ማኅተም ካላረፈበት ስኳር የለም፣ አቡጀዲ የለም፣ ዘመድ ለመጠየቅ ዲመካ መውረድ የለም። ማንበብ የማይችል ሰው ማኅተሙን ይቆጥራል። አንድ ከሆነ «ገና ነው» ይላል፤ ሁለት ከሆነ አጣጥፎ በደረቱ ይይዛል። የእናቴ ዘመዶች ወረቀታቸውን እያመጡ የሚጠይቁኝ ምን ይላል ብለው አልነበረም፤ «ስንት ወጥቶለታል?» ነበር የሚሉኝ። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ረሳሁት።

ዝናቡ አልለቅ ባለበት ሰሞን አንዲት የአሪ ሴት መጣች። አምሳ ዓመት ይሆናታል፤ እጇ በእንሰት ሥራ የሻከረ፣ ዓይኗ ከሰው ዓይን የማይሸሽ። የባሏ የእንሰት ጓሮ ለአምራች ማኅበሩ በተከለለ መሬት ውስጥ ገብቶባቸዋል። አትንኩ ተብለው ነበር። እሷ ግን ልጆች ሲርባቸው ጊዜ ሄዳ ሁለት እንሰት ነቀለች። ፖሊሶች ሊጠይቁ ሲመጡ ባሏ ቀደም ብሎ «እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ። ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ክስ የለም፣ ምርመራ የለም፤ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጧል።

ዳኛው ፊት ቆማ የተናገረችውን ቃል በቃል ተረጎምኩ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። እኔን እሰሩኝና እሱን ፍቱት። በአውሮፕላን ሊወስዱት ነው ብለውኛል።»

በአውሮፕላን መውሰድ ማለት ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ መላክ ነው። ወደዚያ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ የማይመለስም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አውሮፕላኑ አላረፈም። ያን ሰው በጂንካ ያቆየው ዝናቡ ብቻ ነበር።

«ማን እንደነቀለ አልጠየቅኳትም» አሉ ዳኛው። «ከታሰረ ስንት ቀን ሆነው በያት።»

በገበያ ቀን ቆጠረች። ሦስት ቅዳሜ አልፏል፤ ነገ አራተኛው ነው። ሕጉ የሚለው አርባ ስምንት ሰዓት ነው። ዳኛው ቀድሞም በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሁለት ጊዜ ለፖሊስ ጽፈው መልስ አልመጣም ነበርና በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ አስጻፉኝ። እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን እያወለቁና እያደረጉ፣ ክስም የምርመራ መዝገብም ያልቀረበበት ሰው ከሕግ ውጭ ተይዞ መቆየት ስለማይገባው ይህ ትእዛዝ እንደደረሰ ይለቀቅ አሉ። ጻፍኩ። ፈረሙ። ማኅተሙን እኔ መታሁ።

«ተላላኪው ነገ ጠዋት ይገባል። በደብተር አስፈርሞ ያስረክባል» አሉኝ ኮታቸውን እየደረቡ። «በባለጉዳይ እጅ እንዳትሰጪ።»

ተላላኪያችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ቀን ወባ ጥሏቸው ቤት ውለዋል። ዳኛው ሄዱ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ሰማዩን አየሁ። በምዕራብ በኩል ደመናው መገለጥ ጀምሯል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልወደድኩትም። ነገ ፀሐይ ከወጣ ሜዳው ይደርቃል፣ ሜዳው ከደረቀ አውሮፕላኑ ያርፋል። ሽማግሌው ነገ ጠዋት ባይነሱስ? ዳኛው ቢዘገዩስ? ወረቀቱን አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁት። ሴትየዋ በረንዳው ጥግ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም።

ለምን ራሴ አልወሰድኩትም? ፖሊስ ጣቢያው ከእኛ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የእስረኛ ጉዳይ ይዛ ስትሮጥ ታየች እንዲባል አልፈለግኩም። መቸኮሉን ቸኮልኩ፣ መድፈሩን ግን አልደፈርኩም። ስለዚህ ወረቀቱን አጣጥፌ ለሴትየዋ ሰጠኋት። «ለፖሊስ ጣቢያው መቶ አለቃ ስጪው፤ ባልሽ ይፈታል» አልኳት በአሪኛ። እጄን ሳመችው። እሷ ከሄደች በኋላ ለአንድ አፍታ ሰውነቴ ቀለለኝ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ በየሰዓቱ እየተነሳሁ በመስኮት ሰማዩን ሳይ አደርኩ።

ጠዋት ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ወጣች። ከሰው ሁሉ ቀድሜ ቢሮ ደረስኩ። ሴትየዋ ከእኔ ቀድማ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ብቻዋን። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

«ወጣለት» አለችኝ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። «አሁን ሁለት ሆኗል። መቶ አለቃው ግን አንብቦ ለእናንተ እንድመልስ ነገረኝ።»

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከእኛ ማኅተም ጎን የአስተዳደሩ ማኅተም ተመትቷል። ኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ አለቆች ለበታቾቻቸው እንደሚጽፉት፣ «ለፍርድ ቤቱ። ጉዳዩ በእኛ በኩል የተያዘ ስለሆነ እስረኛው እንዳይለቀቅ። ለምን እንደተጻፈም ተብራርቶ ይቅረብልኝ» ይላል። ፊርማው ግማሽ ገጽ ይዟል።

የሆነው ይህ ነው። ከእኔ እንደተለየች ወረቀቱን ገልጣ ቆጥራለች። አንድ ነው። እኔ የቸኮልኩ መስሏታል፤ እውነትም ቸኩያለሁ። ባሏን የሚያህል ነገር በጎደለ ወረቀት እንዳታጣው ሜዳውን አቋርጣ የአስተዳደሩ ግቢ በር ላይ ጠብቃ፣ አስተዳዳሪው ሲወጣ ወድቃ ወረቀቱን ዘረጋችለት። እሱም አላባረራትም። በትሕትና ተቀብሎ፣ ገብቶ፣ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ መለሰላት። አመስግናው ነው የወጣችው።

ዓይኔ ቀላ። «ማን ሂጂ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «እኔ የት አልኩሽ?» ደንግጣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ሁለቱን ማኅተሞች በጣቷ ነካቻቸው። ጥፋቱ የት እንዳለ አልገባትም። የት ይግባት? የተናደድኩት በእሷ እንዳልሆነ ገና ስጮህ አውቀዋለሁ።

ዳኛው ሲገቡ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አድርጌ ቆምኩ። አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳይጠርጉ ቀሩ።

«በእጅ ሰጠሽ።»

«ሰጠሁ ጌታዬ።»

«ንገሪያት» አሉ ወደ ሴትየዋ እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ይህ ወረቀት ሁለተኛ ማኅተም አይፈልግም። ሁለተኛ ማኅተም ከፈለገ ትእዛዝ አይደለም፤ ማመልከቻ ነው።»

ነገርኳት። ከዚያ ዳኛው አዲስ ወረቀት አስገቢ አሉኝ። ትለቀዋለህ፣ አትለቀውም የሚል ክርክር ውስጥ አልገቡም። መቶ አለቃው እስረኛውን ይዞ በአራት ሰዓት ችሎት ይቅረብ፤ ይህ ብቻ። እስረኛ ወደ ችሎት ማቅረብ የፖሊስ የዘወትር ሥራ ነው፤ ለዚያ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ተላላኪው ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልለው፣ እየተንቀጠቀጡ ገብተው ነበር፤ ደብተሩን ይዘው ወጡ። እኔ ልከተላቸው ስነሳ ዳኛው «ተቀመጪ» አሉኝ። «ገና የምትጽፊው አለ። የትናንቱን ትእዛዝ በባለጉዳይ እጅ የሰጠሽው አንቺ መሆንሽን በመዝገቡ ላይ አስፍሪና ፈርሚ።»

«ጌታዬ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ ግን የሆነው ነው የሚጻፈው።»

ጻፍኩ። ፈረምኩም። ከውጭ የቅዳሜ ገበያ ጫጫታ ይሰማል። ከብቱ ሜዳው ላይ ይግጣል፤ ሣሩ ከፀሐይዋ ጋር እንፋሎት እያወጣ ይደርቃል። በየደቂቃው ጆሮዬን ለሳይረኑ አቀና ነበር። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ለአራተኛ ጊዜ በረንዳ ወጥቼ ለአራተኛ ጊዜ ተመለስኩ። ዳኛው ከቁብም አልቆጠሩኝም።

መቶ አለቃው መጣ። ይዞት የመጣው እስረኛ አጠር ያለ፣ ሽበት ያወጣ፣ እጁ በገመድ የታሰረ ነበር። ሚስቱን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«በምን ተከሷል?» አሉ ዳኛው።

«ክስ የለም ክቡር ዳኛ።»

«የምርመራ መዝገብ?»

«አልተከፈተም። ከበላይ አካል ይቆይ የሚል ትእዛዝ ስላለ ነው። ዛሬም በአውሮፕላኑ ይላክ ተብሏል።»

«ይላክ የሚለው ትእዛዝ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«በቃል ነው።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ። መቶ አለቃው ሲጠየቅ፣ ክስ የለም፤ ምርመራ የለም፤ የያዝኩት በቃል ታዝዤ ነው፤ የምልከውም በቃል ታዝዤ ነው ብሏል።» በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ መትቼ አላውቅም። ወረቀቱን ስቤ አወጣሁ። ዳኛው ብዕራቸውን ከወረቀቱ አጠገብ አድርገው ወደ መቶ አለቃው ገፉት።

«ፈርምልኝ» አሉት። «ነገ ሰውየው የት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ ያለው ስም ያንተ ነው። በቃል ያዘዘህ ሰው ስም የትም የለም።»

መቶ አለቃው ብዕሩን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አምስት ልጅ ነበረው፤ እናቱን በሱቃችን አውቃታለሁ። ላቡን በእጁ ጠረገ። በመስኮት ማዶውን ግቢ አየ። ከዚያ ብዕሩን ሳይነካ ወደ እስረኛው ዞረና የገመዱን ቋጠሮ ይፈታ ጀመር። ቋጠሮው በዝናብ ጠብቆ ኖሮ እንቢ አለው፤ በጥርሱ ፈታው።

«ነፃ ነህ፤ ወደ ቤትህ ሂድ በይው» አሉ ዳኛው። አልኩት።

ሰውየው ግን አልሄደም። የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ በቀስታ በበሩ ወጣና በረንዳውን ወርዶ፣ በሜዳው ላይ ወደ ማዶው ግቢ መራመድ ጀመረ። ልሰናበት ነው፣ አለኝ ተከትዬ ስጠይቀው። ትልቁ ቤት ሳያሰናብተኝ ብሄድ እንዳመለጥኩ ይቆጠርብኛል ብሎ ነው። በዘመኑ ሁሉ፣ ከመሬት ከበርቴው ጊዜ ጀምሮ፣ ሳይሰናበት ከየትም ሄዶ አያውቅም። እጁ ተፈትቷል፤ እግሩ ግን ወደ ለመደው በር ነው የሚወስደው። እኔ ልለምን፣ ልጩህ፣ ልጎትት አፌን ስከፍት ሳይረኑ ጮኸ።

የቀደመችኝ ሚስቱ ናት። ሮጣ ፊቱ ቆመች፤ ደረቱ ላይ እጇን አደረገች። «አይፈልግም» አለችው። «ዳኛው ተናግሯል። የዚህኛው ቤት አንድ ማኅተም ይበቃል።» ሊያልፋት ሞከረ። ጥርሷን ነክሳ በተላጠው አንጓው ያዘችውና አዞረችው። ሰዉ አውሮፕላን ሊያይ፣ ከብቱ ከሜዳው ሊወጣ ሲተራመስ፣ ሁለቱ በገበያተኛው መሀል ገቡና በእንሰቱ ጓሮዎች በኩል ጠፉ። አውሮፕላኑ አረፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለወራት ሰውየውን ማንም አልነካውም። በእኔም ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ ያን መዝገብ ገልጦ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዋጋውን የከፈሉት ሌላ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የዳኛው የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወደ ሩቅ፣ ውጊያ ወዳለበት አገር። ለመሄድ አምስት ቀን ተሰጣቸው። የርክክብ ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛ አንድ፣ ወንበር ሁለት፣ የሕግ መጻሕፍት፣ ማኅተም አንድ።

ማኅተሙ ላይ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ወረቀት በእጅ ባልሰጥ ኖሮ ነገሩ በደብተር አልፎ ይቀር ነበር። ከማዶ የአስተዳደሩ ግቢ በር ክፍት ነው፤ የአስተዳዳሪው መኪና ቆሟል።

«ጌታዬ» አልኳቸው፣ «አስተዳዳሪው አሁን ቢሮ አሉ። ሜዳውን ተሻግረው አንድ ጊዜ ለምን አያነጋግሯቸውም? እሳቸው አንድ መስመር ቢጽፉልዎት እኮ ዝውውሩ ይቀራል።»

ዳኛው መጽሐፍ ከሚያስሩበት ሲባጎ ላይ ቀና አሉ። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«አንቺም?» አሉኝ።

ተመልሼ ታይፑ ፊት ተቀመጥኩ። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ ዘረጋኋቸው፤ አልተንቀሳቀሱም።